ለቅሶ የት ትቀመጣላችሁ?

ጋሽ ማቴዎስ መሞቱን የነገረኝ ሰው፣ መርዶውን በቅጡ ሳይጨርስ የጠየቀኝ ድንኳኑ የት ይተከል የሚለውን ነው። የደወለልኝ የእድራቸው ጸሐፊ ነበር። «እህቴ፣ ጋሽ ማቴዎስ ወደ ጌታ ሄዷል። በርቺ እንግዲህ። እና ደግሞ... ግቢያቸው ድንኳን አያስዘረጋም፤ መንገዱም እንደምታውቂው ተቆፍሯል። አንቺ አብረሽው ስለሠራሽ ቦታ ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ሳቅ ነው። ክፉ ሳቅ። የሆሳዕናን ሰው፣ የሌሞን ሰው፣ የዱራሜን ሰው ሁሉ «ለቅሶ የት ትቀመጣላችሁ?» እያለ ሲያስጨንቅ የኖረ ሰው ሞተና የእሱ ለቅሶ የሚቀመጡበት ጠፋ። ወይ ነዶ!

ጋሽ ማቴዎስ አርክቴክት ነበር። እኛ ከተማ አርክቴክት ማለት ማኅተም ያለው ሰው ማለት ነው። ሰዉ ቤቱን ራሱ ያስበዋል፤ ፎቶውን ከቴሌግራም ያወርዳል፤ ግንበኛው መሠረቱን ይጀምርለታል፤ ፈቃድ ሲጠየቅ ነው አርክቴክት ትዝ የሚለው። ስልኩን ዘርግቶ «ይቺን ሥራልኝና ማኅተም አድርግባት» ይላል፣ ሻይ እንደሚያዝ ሰው። ጋሽ ማቴዎስ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ፣ ስልኩን ሳያይ፣ «መጀመሪያ መሬቱን አሳየኝ» ነበር የሚለው።

እኔ እሱ ጋ የገባሁት ከቴክኒክና ሙያ በድራፍቲንግ እንደተመረቅኩ ነው። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ሰው ማክበር በአለንጋ ነው ያስተማረን። እናም የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ ያዘዙኝን...» ብዬ ስጀምር ጋሽ ማቴዎስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና፣ «እርስዎ አትበይኝ፤ ገና አልሞትኩም» አለኝ። ቢሮዋ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ነበረች። ከሥራችን ጋሪዎች ይቆማሉ፤ መስኮቱ ሲከፈት የፈረስ ሽታ ይገባል። እሱ ደስ ይለዋል፤ እኔ እዘጋዋለሁ፤ ሲከፍት ስዘጋ ነው የኖርነው።

ደንበኛ መሬቱን ሊያሳየው ሲወስደው እኔ ሜትር ይዤ እከተላለሁ። እንደደረስን ሌላ አርክቴክት ቢሆን መለካት ይጀምራል። እሱ ጫማውን ያወልቅና ኮቱን አጥፎ ሣሩ ላይ ያነጥፋል። «መጀመሪያ እንቀመጥ» ይላል። ባለመሬቱ ግራ ይገባዋል፤ አዲስ ሱሪውን እያየ ይቀመጣል። ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፣ ስለ ከብቶቹ ይጠይቀዋል፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ይጠይቀዋል። ሰውየው ዘና ሲል ያቺ ጥያቄ ትመጣለች። «እሺ፤ እግዜር አያምጣውና፣ ለቅሶ ቢደርስባችሁ የት ትቀመጣላችሁ?»

በቃ! ግማሹ ደንበኛ እዚያው ሣሩ ላይ ያልቃል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በሀዲያ ገጠር ከቤት ፊት ለፊት ሁልጊዜ ሣር መስክ አለ፤ ነፈራ ይባላል። አይታረስም፤ እንሰት አይተከልበትም። ሽማግሌ የሚሸመግለው፣ ሙሽራ የሚገባው፣ ለቀብር የመጣ ፈረሰኛ የሚዞረው፣ ለቅሶ የሚቀመጡት እዚያ ነው። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ያን ሁሉ ሣር ባዶ መተው ሞኝነት የሚመስለው አለ። ሞኝነት ግን አይደለም፤ ሰው የሚባለው ነገር የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ታዲያ አስፋልት ሲመጣ፣ ከደቡብ አፍሪካም (እኛ ሳውዝ ነው የምንለው) ገንዘብ ሲላክ፣ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ፊት ለፊት ነዋ! ፎቁ ደግሞ ለመንገደኛ መታየት አለበት። እናም ልጁ ከሳውዝ በስልክ ያሠራል፤ ፎቁ ነፈራው ላይ ይቆማል፤ እናትና አባት ሴራሚኩ ያንሸራትተናል ብለው ከጀርባ አሮጌው ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። የፎቁ ቁልፍ ሳውዝ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከሆሳዕና እስከ ሞርሲቶ ስንቱን ልቁጠርላችሁ?

ጋሽ ማቴዎስ ይህን ሲያይ ይበግናል። «ሰርግ ቤትን አይፈትንም» ይል ነበር። «ለሰርግ ቀን ይቆረጣል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ካልተመቸ ይተላለፋል። ሞት ቀን አያስቆርጥም። ቤትህን የሚፈትነው ለቅሶ ነው። ለቅሶ የያዘ ቤት ሰርግ አያቅተውም።» ይህን የሚለው እንደ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ፣ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው ነበር።

ደንበኞቹስ? ደንበኞቹማ ሟርተኛ አሉት። አንድ ነጋዴ አስታውሳለሁ፤ ልጁን ሊድር ስለሆነ ቤት ቶሎ እንዲያልቅለት የፈለገ። ጥያቄውን ሲሰማ ከሣሩ ላይ ብድግ ብሎ፣ «ሰውዬ፣ እኔ ልጄን ልድር ነው፣ አንተ ልትቀብረኝ ነው የመጣኸው?» አለው። ጋሽ ማቴዎስ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «እሷን ትድርና አንተስ አትሞትም?» አለው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ሜትሩን ስጠቀልል፣ ሰውየው መኪናውን አስነሥቶ እዚያው ጥሎን ሄደ። በእግራችን ስንመለስ፣ «ምናለ ዝም ብትል? ምናለ አንዴ እንኳ ማኅተምህን አድርገህ ብትሸኘው?» ብዬ ተቆጣሁት። «ማኅተም ይዤ ሳይሆን ጭንቅላት ይዤ ነው የተማርኩት» አለኝ። ሰዎች ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉት እውነታቸውን ነው፤ አይለቅም ነበር።

በመስታወት ሕንፃ ደግሞ ክፉኛ ይቀልዳል። አዲስ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ባየ ቁጥር ቆም ብሎ፣ «ይሄ ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረገው ማንን ሸሽቶ ነው?» ይላል። አንዱ ሲያደርግ ሌላው ሲከተል እያየ፣ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይላል። «ሆሳዕና ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፤ ሰው በረንዳ ነው የሚፈልገው። እነሱ ግን ፀሐይ ሲወጣ የሚጋግር፣ ሲመሽ የሚያንቀጠቅጥ ሣጥን ይሠራሉ። ከዚያ መጋረጃ ይጋርዱና በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሉ።» አንድ ቀን፣ «አንተስ አዲስ አበባ ሳለህ ምን ነበር የምትሠራው?» ብዬ ጠየቅኩት። ፊቱ ጠቆረ። «መስታወት» አለኝ። ትልቅ ቢሮ ውስጥ፣ ስሙ በማይጻፍበት ወረቀት ላይ፣ ስንቱን የመስታወት ፎቅ እንደሣለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «አሁን አዲስ አበባ ስሄድ በነሱ በኩል አላልፍም፤ ዞሬ ነው የምሄደው» አለኝ።

ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣበት ግን ለብዙ ጊዜ አላወቅኩም። ያወቅኩት ከዱራሜ ስንመለስ ነው። ዱራሜ ሄደን፣ እንደ ወትሮው ከደንበኛው ጋር ተጣልተን፣ ባዶ እጃችንን እየተመለስን ሳለ አንጋጫ ጋ ሚኒባሱ ተበላሸ። ዝናቡ ደግሞ ወረደ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልለን ቆምን። ተናድጄ ነበር፤ የዚያን ቀን ደንበኛ ጥሩ ሰው ነበር፣ ሥራውም ትልቅ ነበር። «አንተ ለሰው ለቅሶ ምን አገባህ?» አልኩት። አልኩት እንጂ ወዲያው ደነገጥኩ፤ እንዲያ ተናግሬው አላውቅም።

አልተቆጣም። ዝናቡን እያየ ነገረኝ።

አዲስ አበባ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ሌሞ ለአባቱ ቤት ሠራላቸው። በመንደሩ የመጀመሪያው የብሎኬት ቤት፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ዘመናዊ የሚባል። የት ላይ ሠራው? ነፈራው ላይ። ለምን? ከመንገድ እንዲታይለት። «የአርክቴክቱ አባት ቤት እንዲባል ፈልጌ ነው» አለኝ። አባቱ በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። ፈረሰኞች ከየቀበሌው መጡ፤ ፈረሶቹ የሚዞሩበት አጡ። ሽማግሎች ዝናብ ላይ ቆሙ። ጥሩ ጨርቅ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አዲሱ ሳሎን ውስጥ ሴቶቹ ተጨናንቀው ሲያለቅሱ፣ አንዱ ሌላውን በደንብ ማየት አልቻለም።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ጎረቤት ነፈራውን ሰጠ። አባቴ ከዚያ ሰውዬ ጋር በድንበር ተጣልተው ነበር የሞቱት። ለዓመታት አይነጋገሩም፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ሰውየው ግን መጣና፣ ተነሡ፣ ወደኔ ግቡ አለ። አባቴን በጠላታቸው ሣር ላይ አለቀስናቸው። እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኳቸው። እናቴ እስክትሞት አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ መሥራት እንዳቃተው፣ ሁሉን ትቶ ሆሳዕና እንደከፈተ፣ ያቺን ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሳይጠይቅ አንድም መስመር እንዳልሠራ ነገረኝ። ዝናቡ ሲያባራ፣ «አባቱን በሰው ግቢ የሚያለቅስ ሌላ ሰው እንዳይኖር ነው። ሌላ ምን አገባኝ ብለሽ ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ደንበኛ ሲያባርር ተቆጥቼው አላውቅም። ሆዴ ግን ይባባል፤ ባባረረ ቁጥር እየደኸየ ነበራ።

ታዲያ አንዴ ተሳካለት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዴ።

ድሮ ገጠር የነበረ፣ አሁን ከተማው የዋጠው የሌሞ ጠርዝ ላይ አማ አየለች የሚባሉ (አማ እናት ማለት ነው) ባል የሞተባቸው ሴት አሉ። ልጃቸው ተመስገን ሳውዝ ሱቅ ከፍቶ ቀንቶታል። በስልክ ነው የመጣው፤ እናቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘው ነፈራው ላይ ቆመዋል፤ እሱ እያየን ያዛል። «ጂ ፕላስ ቱ፣ ከሥር ሱቅ፣ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት፣ አስፋልቱን የሚያይ።» ጋሽ ማቴዎስ ጫማውን አወለቀና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። አማ አየለችም ሳይጠየቁ አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከዚያ ስልኩን ተቀበላቸውና፣ «ተመስገን፣ አባትህን የት አለቀስከው?» አለው።

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ነበር። «እኔ አልነበርኩም» አለ ተመስገን በመጨረሻ። «ሳውዝ ነበርኩ። በስልክ ነው የነገሩኝ።»

«እንግዲያው ተመልከት» አለውና ስልኩን ወደ አማ አየለች አዞረው። እሳቸው ተነሡ። አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልጠፋቸውም። «እዚህ ወንዶች ተቀመጠ። እዚያ ሴቶች። ፈረስ በዚህ ገባ፣ በዚያ ዞረ፣ ሦስቴ ዞረ። የአባትህ ወንድም እዚህ ወደቀ፣ አለቀሰ። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ልጄ። እዚህ።» እየተራመዱ ያሳያሉ፤ ስልኩ ይከተላቸዋል። ሳውዝ ያለው ትልቅ ሰው ሲነፋረቅ ሁላችንም ሰማን። «እሺ» አለ። «እሺ ጋሼ፤ እንዳልክ።»

ቤቱ ከኋላ ተሠራ። ዝቅ ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ከዚያው አካባቢ በተፈለጠ ድንጋይ። ጣሪያው ወደፊት ረዝሞ ወጥቶ ሰፊ በረንዳ ይሠራል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሣሩ ሳይርቅ እዚያ ሥር ይገባል። የበረንዳው ጠርዝ መቀመጫ እንዲሆን ዝቅ ብሎ በድንጋይ ተገንብቷል፤ የአማ አየለችን ጉልበት ለክቶ ነው ከፍታውን የወሰነው፣ እውነቴን ነው። ነፈራው ሙሉውን ቀረ። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ማቴዎስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። እኔ እንሂድ እንሂድ ስል፣ «ቆይ፤ እንደሣልኩት ነው» ይላል። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ «እንደሣልኩት ነውኮ!»

ከዚያ በኋላ አንዲት አባባል ያዘ። ደንበኛ ሲሄድበት፣ የሠራውን ፕላን ግንበኛው ሲያጣምምበት፣ ውድድር ላይ ሌላ ሰው ሲመረጥበት፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይመልስና፣ «ተዪው፤ አንድ አለኝ» ይላል። ሌሎች አርክቴክቶች ስንት እንደሠሩ ሲያወሩ እሱ ፈገግ ብሎ፣ «እኔ አንድ አለኝ።» እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በዚያ በኩል ዞሮ ነበር የሚሄደው፤ አማ አየለች ሲያዩት «ና፣ አረፍ በል» ይሉታል፤ ያርፋል።

የራሱ ኑሮ ግን... ምን ልበላችሁ። በኪራይ ቤት ነው የኖረው። ባለቤቱ እትዬ ዘነበች ታጋሽ ሴት ናቸው፤ ታጋሽም አንዳንዴ ያልቅበታል። አከራያቸው ግቢው ውስጥ ሰርቪስ በሰርቪስ ላይ ሲሠራ፣ ሲሠራ፣ በመጨረሻ ከበራቸው እስከ ግንቡ የቀረችው ልብስ የሚሰጣባት ገመድ ብቻ ሆነች። እሷም ቀረች። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ «ለአገሩ ሁሉ የለቅሶ ቦታ ይለካል፤ የኛን አንሶላ የምሰጣው ጎረቤት ነው» አሉ። ጋሽ ማቴዎስ ተነሥቶ አንሶላውን ከጎረቤት ሊያመጣ ወጣ። የሌሞው የአባቱ መሬት ያ የብሎኬት ቤት ቆሞበት የወንድሙ ነው፤ ጋሽ ማቴዎስ ወደዚያ እግሩን አያነሳም። ሥራ እየቀነሰ ሲሄድ እኔም ከአንድ መሐንዲስ ጋር ቢሮ ከፈትኩ፤ እሱ ራሱ ነው «ሂጂ» ብሎ የገፋኝ። የኩላሊት ሕመም ጀመረው። ያቺን መለዋወጫ ሱቅ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ቢሮው ተዘጋ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ሮጬ ስደርስ ሰዉ መንገድ ላይ ቆሟል። መንገዱ ለአስፋልት ተቆፍሮ፣ ድንጋዩ ተከምሮ፣ ሽማግሎች በድንጋይ ክምሩ ላይ ከዘራቸውን ተክለው ቆመዋል። እትዬ ዘነበች ውስጥ ናቸው፤ ክፍሏ ሞልታለች፤ የገባ ሰው አቅፎ ሳያለቅስ ይወጣል፣ ሌላ ሊገባ። የእድሩ ወጣቶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ወዲህ ወዲያ ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ፣ «አዳራሽ ይጠየቅ?» ሲል ሰማሁት። በጋሽ ማቴዎስ ለቅሶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም እያየሁ፣ ያ የአንጋጫ ዝናብ ትዝ አለኝ። አባቱን ያገኘው እሱንም አገኘው። እናንተዬ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?

አማ አየለች በጋሪ መጡ። ሲወርዱ ሁለት ሰው ደገፋቸው። ዙሪያቸውን አዩ፤ ማንም አልነገራቸውም፤ ወዲያው ገባቸው። «ማቴዎስ በመንገድ አይለቀስም» አሉ። «የኔ ነፈራ አለ። የእሱ ነው። ተነሡ!» ወንበሩን፣ ድንኳኑን፣ እትዬ ዘነበችን ይዘን ሄድን።

ስንደርስ ነፈራው ላይ ኖራ ተሰምሮበታል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ነጭ መስመር፣ ቀጥ ያለ፣ ከበረንዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ። በየጥጉ ካስማ ተተክሏል፤ ሲባጎው ተሰብስቦ አንዱ ካስማ ላይ ተጠቅልሏል። የሕንፃ መሠረት ሊቆፈር ነው። ተመስገን ከሳውዝ ከነጭራሹ ተመልሶ ኖሯል፤ ፒክአፑ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሲባጎውን የጠቀለለው እሱ ነው፤ ለቀስተኛው እንዳይጠለፍ ብሎ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄን ልናገር። ውሃ አስመጣ፣ ወንበር ጨመረ፣ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እሱንም እንባ አልገደደውም። ተነሥቶም፣ «ይህን ቤት የሠራልን እሱ ነው፤ እናቴን ያሳረፈልኝ እሱ ነው» ብሎ ተናገረ። ሰዉ አሜን አለ።

ከዚያ የሌሞ ፈረሰኞች መጡ። ወንዶቹ በቀኝ በኩል ተቀምጠው፣ ሴቶቹ ወደ በረንዳው ተጠግተው፣ ፈረሶቹ በዚህ ገብተው በዚያ ዞሩ። ከሰዓት ዝናብ ሲጥል ሰዉ ሳይበተን በረንዳው ሥር ገባ፤ አሮጊቶቹ ያቺ ዝቅ ያለች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሁሉም እንደሣለው ሆነ። ያንን ወረቀት የሣልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ሲናገር፣ «እዚህ ይቀመጣሉ፣ እዚህ ይዞራሉ» ሲለኝ። አየሁት። እሱ ብቻ አላየውም። እዚያ ላይ ነው የወጣልኝ፤ እስከዚያ ድረስ እንባ እንቢ ብሎኝ ነበር። እንደ አባቱ በሰው ሣር ላይ ተለቀሰ፤ ሣሩ ደግሞ እንዲኖር ያደረገው እሱ ራሱ፤ ያውም ሣሩ ሊቆፈር ቀን በተቆረጠለት ሰሞን! ከለቅሶው ስንነሳ የሁላችንም ቀሚስና ሱሪ ላይ ኖራ ነበር። እያራገፍን ተለያየን።

ድንኳኑ የፈረሰ ቀን ተመስገን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አማ አየለች ያቺ ድንጋይ ላይ፣ እኔ አጠገባቸው።

«አንቺ ቢሮ ከፍተሻል አሉ» አለኝ። «ጥሩ ነው። ጋሼ ቢኖር እሱ ይሠራልኝ ነበር። ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ከሥር ባንክ ሊከራየው ተነጋግረናል። ፎቶ አለኝ፤ ፈቃዱን ቶሎ ብታስጨርሺልኝ...» ስልኩን አውጥቶ ከፈተ። ሰማያዊ ነው።

ፎቶውን አላየሁም። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርኩትን፣ አንዴም ለሰው ብዬው የማላውቀውን አልኩት። «ተመስገን፣ ለቅሶ የት ትቀመጣላችሁ?»

ተመስገን አልተቆጣም። ሟርተኛም አላለኝ። እንዲያውም ፈገግ አለ፣ ቀላል ነገር እንደተጠየቀ ሰው። «ለዚህማ ምን ችግር አለው? አሁን አዳራሽ ይከራያል። ሳውዝ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ሁሉም እዚያው አለ። ማን ይጨነቃል?»

አማ አየለች ጎንበስ ብለው ከቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ኖራውን በጣታቸው ይፍቃሉ። ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ» አሉት። «እኔ ስሞት አዳራሹን ለስንት ቀን ትከራይልኛለህ?»

«ኧረ አማ!» አለ ተመስገን። ሳቀ። «አንቺ አትሞቺም።» ስልኩ ጮኸና እያወራ ወደ ፒክአፑ ሄደ።

ሕንፃው አሁን አልቋል ማለት ይቻላል። እኔ አልሣልኩትም፤ ሌላ ሰው ሣለው። አልሣልኩም ማለቴ ማንን ጠቀመ? ፊቱ ሰማያዊ መስታወት ነው፤ በአስፋልቱ ሳልፍ ሰማዩና ባጃጁ ውስጡ ይታያል። በጎን በኩል በምታስገባ ቀጭን መንገድ ሲገቡ፣ በሕንፃው ጀርባና በዚያ ሰፊ በረንዳ መካከል የቀረች ጠባብ ሣር አለች። ፀሐይ አያገኛትም፤ ገርጥታለች። የዝናብ ውሃ ከፎቁ ጣሪያ ወደ በረንዳው ስለሚረጭ ድንጋይዋ ሁልጊዜ እርጥብ ናት። አማ አየለች በርጩማ አውጥተው ሣሯ ላይ ይቀመጣሉ።

እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ እሱ ይሄድ በነበረበት ሰዓት። ገና ቀጭኗ መንገድ ላይ ሲያዩኝ እጃቸውን ያነሳሉ። «ነይ፣ አረፍ በይ» ይሉኛል እንደ ድሮው። እገባለሁ። ሣሯ ለሁለት ሰው መቀመጫ ስለማትበቃ ቆሜ አወራቸዋለሁ።